በደቂቃ ሁለት ጠብታ

ወንድሜ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከሥራ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ። ጉዱ ሁሉ የተሠራው እንግዲህ በእነዚያ ሁለት ቀኖች ነው። ረጋ ብለሽ አውሪ የሚለኝ ሰው ካለ ከአሁኑ ይሂድ፤ አንጀቴ አርሯል፣ ረጋ ማለት አልችልም።

እኔ ጀልባዎቹ ከሚነሱበት ወደብ ላይ ቲኬት ቆራጭ ነኝ። መስኮቴ ከውኃው ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። በግራዬ በኩል ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ጥገና ክፍሉ ነው፣ የወንድሜ። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ግን «ጠብታ» ነው የሚለው። ጠዋት በር ላይ ዘበኛው «ጠብታ፣ ስንት ሆነ?» ይለዋል፤ እሱም «ሁለት» ብሎት ያልፋል። እንደ ሰላምታ ሆኖላቸዋል።

የሁለቱ ነገር እንዲህ ነው። የትልቋ ጀልባችን ሞተር ሆዷ ውስጥ ነው ያለው። ከሞተሩ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ይነሳና የጀልባዋን ወለል በስቶ ወደ ውኃ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ፕሮፔለሩ አለ፣ ውኃውን እየቆረጠ የሚገፋው ባለ ሦስት ቅጠሉ ነሐስ። ቀዳዳ ባለበት ደግሞ ውኃ ይገባል አይደል? እንዳይገባ ዘንጉ በሚያልፍበት ቧንቧ አፍ ዙሪያውን ስብ የጠጣ ገመድ ይጠቀጠቅና ከላይ በትልቅ ዳዶ ይታሰራል። ዳዶው ከላላ ጀልባዋ ትሞላለች። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ገመዱ ዘንጉን አንቆ ይይዘውና ሁለቱም ይቃጠላሉ። ስለዚህ ዘንጉን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ውኃ ማለፍ አለበት። ዘንጉ እየዞረ በደቂቃ ሁለት ጠብታ፣ ቢበዛ ሦስት። ጋሼ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና እዚያ ጠባብ ቦታ ተጣጥፎ ይቆጥራል፤ ሰው ቢጠራው አይሰማም።

ጀልባ ከውኃ ስትወጣ ደግሞ ማየት ነበረባችሁ። ሌላው መካኒክ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሮጣል፤ እሱ ግን ከኋላ ነው የሚጀምረው። ፕሮፔለሩ ላይ የተጣበቀውን አረም ይፍቃል፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ቁራጭ ካለ በቢላዋ እየበጣጠሰ ያወጣል፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ቅጠል ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ዓይን የማያየውን መታጠፍ አውራ ጣቱ ያውቀዋል። በመዶሻ እጀታ ነካ ያደርገውና ጆሮውን ያስጠጋል፤ ደህናው ነሐስ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል ይላል። ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቀዋል፤ ከተነቃነቀ ዘንጉን የተሸከመው ጎማ አልቋል ማለት ነው። ፕሮፔለሩን ሲመልስ ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካውን ኮፒሊያ ሁልጊዜ አዲስ ነው የሚያደርገው። አንዴ የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ አይታመንም ባይ ነው።

ጀልባዋ ውኃ ከገባች በኋላ ደግሞ ሙሉ ቀን ያስተኛታል። መሬት ላይ የቆመች ጀልባና ውኃ ላይ ያለች ጀልባ አንድ አይደሉም፤ ሰውነቷ እስኪረጋ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩና ዘንጉ የሚገጥሙበትን ሁለት ክብ ብረት ለያይቶ፣ በመሃላቸው እንደ ምላጭ የሳሳ ብረት እያስገባ፣ ከላይ ከታች ከግራ ከቀኝ የሚለካው። አራቱም ቦታ እኩል እስኪሆን ሞተሩን ከእግሩ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ይውላል። ሥራ አስኪያጁ «እኛ ጋ ጀልባ የሚያስተኛ ሞግዚት አለ» እያለ ለእንግዳ ይስቅበት ነበር። ይሳቅ! ያቺ ጀልባ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም።

አንድ ጊዜ ቀይ የጥፍር ቀለሜ ጠፋብኝ። ልጄን ጠርጥሬ ስጨቃጨቃት ሰነበትኩ፤ ለካ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው።

«ምን ልታደርገው ነው? ልትቀባ?» አልኩት።

«ዳዶውን በልኩ ካሰርኩ በኋላ፣ ከዳዶው ወደ ቧንቧው አንድ መስመር አሰምርበታለሁ። ሰው ከነካው መስመሩ ይለያያል፤ አውቃለሁ።»

«እና የእኔ ጥፍር ቀለም ነው የሚያስፈልገው?»

«ሌላውን ቀለም ዘይት ያስለቅቀዋል። ይኼን ግን ሞከርኩት፣ ንቅንቅ አይልም» አለኝ፤ ምንም አላፈረም። ከዚያ ወዲህ በገዛሁ ቁጥር ሁለት ጠርሙስ ነው የምገዛው፤ አንዱ የእሱ ነው።

የትልቋ ጀልባ ነጂ ደግሞ ባለቤቴ ነው። ደግ ነው፣ ደግነቱ ግን ያበግነኛል። «አይ» የምትባል ቃል አፉ ውስጥ የለችም። ጎረቤት መሰላል ሲለምነው መሰላሉንም ራሱንም ይዞ ነው የሚሄደው። በቤታችን የአፍ ሥራ ሁሉ የእኔ ነው፤ ሃያ ዓመት እንዲሁ ኖርን።

ሥራ አስኪያጃችን ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ጫማውን ውኃ እንዳይነካው በጫፉ ነው የሚራመደው። ወንድሜን፣ በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው፣ በጣቱ ጠቅሶ «አንተ፣ ና!» ይለዋል። በዚያ ሳምንት ረቡዕ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ግቢው ተተራመሰ። ድንጋይ ሳይቀር ኖራ ተቀባ። ሰኞ ጋሼ ጉንጩን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጀልባዋ ሠላሳ ስምንት ሰው ጭና መሃል ውኃ ስትደርስ ከወለሉ ሥር ጭስ ወጣ።

እኔ ከመስኮቴ ሆኜ አያለሁ። ሞተሩ ጠፋ። ገመዱ ተቃጥሎ ተበጣጥሶ ኖሮ ውኃው በዚያው ቀዳዳ ይንፎለፎል ጀመር። ሰዉ በባልዲ፣ በድስት ክዳን፣ በገዛ ጫማው እየቀዳ ይደፋል። ባሌ እዚያ ላይ ነው፣ ድምፁ አይሰማኝም፣ እኔ እዚህ ቲኬት በእጄ ጨምድጄ እጮኻለሁ። ሌላ ጀልባ ደርሳ ጎትታ አመጣቻቸው። ማንም አልሞተም፣ ተመስገን። ከጀልባዋ ሲወርድ ባለቤቴን አቀፍኩት፤ እንደ ግንድ ቆመልኝ። ድንጋጤ ነው አልኩ።

ረቡዕ ጋሼ ጉንጩ እንዳበጠ ሲመጣ ደብዳቤ ጠበቀው። «በከፍተኛ የሥራ ቸልተኝነት» ይላል። ጉዳዩ በሦስት ሳምንት ውስጥ በዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪታይ የጥገና ክፍሉን ቁልፍ ያስረክብ፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ከሥራ ይሰናበታል። ጡረታ ሊወጣ ዓመት ተኩል ለቀረው ሰው! ሃያ ስድስት ዓመት ጠብታ ለቆጠረ ሰው «ቸልተኛ»! ቁልፉን ከቀለበቱ ሲያወጣ ጥፍሩ እምቢ አለው፤ ዘበኛው ነው ያወጣለት። በማግስቱ «ስንት ሆነ?» የሚለው ቀርቶ ሰላም የሚለውም ጠፋ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይሉ የለ፣ ትናንት ፕሮፔለር ያስጠገነ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ «ድሮም እኮ ዓይኑ ደክሞ ነበር» ማለት ጀመረ። ዓይኑ! በአውራ ጣቱ የሚያይ ሰው!

ቤቴ ውስጥ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረም። እራት ላይ ሳህን እያቀረብኩ እራገማለሁ። «ያንን ዳዶ የነካ እጁን ይስበረው! ጋሼ እንደሆነ እንዲህ አድርጎ አይተውም፤ አንድ ሰው ነክቶታል። እጁን ይስበረው፣ ቁራሽ ማንሻ ይጣ!» ባለቤቴ ሾርባው ይቀዘቅዝበታል። ማንኪያውን ያነሳና መልሶ ያስቀምጣል። «ብላ እንጂ፣ አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» እለዋለሁ፤ መልሼ እርግማኔን እቀጥላለሁ።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሦስት ቀን ሲቀር አላስቻለኝም። ጀልባዋ መሬት ላይ ወጥታ ቆማለች። የምሳ ሰዓት ላይ መስኮቴን ዘጋሁና ቀሚሴን ሰብስቤ ሆዷ ውስጥ ወዳለው ሞተር ቤት ገባሁ። የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁ። ቀይዋ መስመሬ ለሁለት ተለያይታለች። ግማሿ ቧንቧው ላይ እንዳለች አለች፤ ሌላዋ ግማሽ ከዳዶው ጋር ዞራ ወዲያ ማዶ ሄዳለች፣ ግማሽ ዙር ሙሉ። ዳዶው ጎኑ ላይ ደግሞ ጥርስ ነክሶታል። ጋሼ ዳዶ ላይ ጥርስ ያለው መፍቻ አሳርፎ አያውቅም፤ ያን ያደረገ ሰው ሲያይ የራሱ ጥርስ የተነካ ነው የሚመስለው።

እየሮጥኩ ቤቱ ሄድኩ። የተሰበረ ወንበር እየጠገነ አገኘሁት።

«አገኘሁልህ ጋሼ! መስመሩ ተለያይቷል!»

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

«ማን ግቢ አለሽ እዚያ?»

«እንዴ!»

«ተይው። በቃ፣ ተይው። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም ይላል! አንተ ግን እዚህ ወንበር ሥር እየነቀዝክ ነው!» ብዬው በሩን ላዩ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ንዴቴ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ የነበረው አሁን ለወንድሜም ተረፈ። ለራሱ የማይቆም ሰው እንዴት ያናድዳል!

የስብሰባው ቀን ማንም ሳይጠራኝ ምስክር ነኝ ብዬ ገባሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ መስታወት የተነጠፈበት፤ በወዲያኛው በኩል ኮሚቴው፤ ሥራ አስኪያጁ ከጎናቸው። ጋሼ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለብቻው። ባለቤቴ የዕለቱ ነጂ ስለነበር እሱም ተጠርቶ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። ሰብሳቢዋ ጠና ያለች ሴት ናት፣ ቁጥብ።

ሥራ አስኪያጁ ተናገረ። ስለ ሕዝብ ደኅንነት፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ስም፣ ስለ ኋላ ቀር አሠራር። ጋሼ ምን ትላለህ ሲባል «የምለው የለኝም» አለ። በዚህ ጊዜ ተነሳሁ።

«እኔ አለኝ! ተነሱና ጀልባዋ ጋ እንሂድ። ዓይናችሁ ይየው!»

ሥራ አስኪያጁ ሊያስወጣኝ ሲል ሰብሳቢዋ መነጽሯን አድርጋ ተነሳች። ተከታትለን ወረድን። አጎንብሳ ገባች፣ መብራት ያዝኩላት፣ መስመሩን አሳየኋት።

«ይኼ ቀለም ምንድነው?»

ጣቴን ዘረጋሁላት። ጥፍሬን አየች፣ ዳዶውን አየች። ልትስቅ ትንሽ ነው የቀራት።

«እንግዲህ እሱ ያሰረው እዚህ ጋ ነው፤ ከዚህ ያሳለፈው ሌላ ሰው ነው» አልኩ፤ አፌን ማን ይያዘው። «ደግሞ ጥርሱን ተመልከቱልኝ። ይኼ የጥገና ክፍል መፍቻ አይደለም። ጀልባዋ ላይ ባለው የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው የቧንቧ መፍቻ ነው!»

«የሳጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ማነው?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ነጂው ነዋ!» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ አገጬን ቀና አድርጌ። ጆሮዬ ያልኩትን የሰማው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ከጀልባዋ አጠገብ ቆሟል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሰኞ ከሰዓት በኋላ። እሳቸው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ወለሉን ከፍተው አዩት፤ እንግዳ እየመጣ ጀልባችሁ ታፈሳለች ወይ፣ ይድረቅ፣ አንዲት ጠብታ እንዳላይ አሉኝ። ጋሼ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይመጣል አልኳቸው። ዳዶ ለማጥበቅ ሐኪም ይፈለጋል እንዴ፣ ፈራህ ወይ አሉኝ። እያዩኝ አጠበቅኩት።»

ሁላችንም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርን። ያ ሰው፣ ቅንጣት ሳያፍር፣ «እኔ ይድረቅ አልኩ እንጂ ይቃጠል አላልኩም» አለ። ወይ ጉድ! ለሃያ ቀን ሌላ ሰው ሲወነጀል አብሮ እየወነጀለ የቆየ አፍ ይኼን ይላል!

ያኔ ነው ጋሼ የጮኸው። በሕይወቴ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። የጮኸው ግን በሥራ አስኪያጁ ላይ መሰላችሁ? በባሌ ላይ!

«ዝም በል ብዬህ አልነበረም ወይ!»

ሰብሳቢዋ «ያውቁ ነበር?» አለችው።

«ረቡዕ ዕለት መጥቶ ነግሮኛል። እያለቀሰ። ልሂድና ልናገር ሲለኝ የከለከልኩት እኔ ነኝ። እኔ የቀረኝ ዓመት ተኩል ነው፤ እሱ ሦስት ልጅ አለው።» ኮፍያውን በእጁ አገላበጠው። «ደግሞ እሷ አለች። ምላሷን ታውቁት የለ። ከሰማች ቤቷን በአንድ ቀን ነው የምታፈርሰው።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ። እኔን ላቡ አጠመቀኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለካ ለእኔ ነው። ሃያ ቀን፣ በየማታው፣ በገዛ ጠረጴዛዬ፣ በገዛ እጄ ሾርባ እየቀዳሁለት፣ እጁን ይስበረው ያልኩት ለእሱ ነው። እሱም እየሰማ ማንኪያውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ሁለቱ ወንዶች ተማክረው እኔን ከእኔ ምላስ ሊጠብቁኝ! አንድ ጊዜ «ነገሩ እንዲህ ነው» ቢሉኝ ምን ነበረበት? አዎ፣ እጮህ ነበር። ጮኼ ጮኼ ሲወጣልኝ ግን አብሬያቸው እቆም ነበር። ይኼን ያህል እንኳ አላመኑኝም።

ውሳኔው ከሳምንት በኋላ ወጣ። ጋሼ ወደ ሥራው ይመለስ። ባለቤቴ ለስድስት ወር ከመሪ ይነሳና በጥገና ክፍል ረዳት ሆኖ ይሥራ። ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ፣ ስሙኝ እንግዲህ፣ የቃል ምክር ተሰጠው። ምክር! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ሠላሳ ስምንት ሰው በጫማው ውኃ ሲቀዳ የዋለበት ነገር፣ ለአዛዡ ምክር፣ ለታዛዡ ቅጣት።

ለእኔ መናደድ ማለት መናገር ነው። ያን ሰሞን ግን ቤት ውስጥ አልተናገርኩም። እራት አቀርባለሁ፣ ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አያለሁ፣ ዓይኔን አነሳለሁ። ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ማውራት የጀመሩት እነሱ ናቸው።

በተቃጠለው ፋንታ አዲስ ዘንግ ገብቶ፣ ገመዱ እንደገና ተጠቅጥቆ ጀልባዋ ውኃ ወረደች። ጋሼ እንደ ልማዱ ሙሉ ቀን አስተኛት። በማግስቱ ጠዋት አራቱን ቦታ ለክቶ ጨረሰና ባለቤቴን ሞተሩ ቤት አስገባው። እኔ ስኳር የበዛበት ሻይ ላደርስላቸው መጥቼ ወደቡ ጠርዝ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከወለሉ በላይ የሚታየኝ የሁለቱ አናት ብቻ ነው። ሞተሩ ተነሳ። ጋሼ ዳዶውን ራሱ ሊያስረው ይችል ነበር፤ መፍቻውን ለእሱ ሰጠው። ሰዓቱንም አውልቆ ሰጠው። ባለቤቴ ትንሽ አጠበቀ፣ ቆጠረ፤ ትንሽ አላላ፣ እንደገና ቆጠረ።

ከኋላዬ የጫማ ድምፅ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ነው፣ በጫፉ እየተራመደ። አንገቱን አስግጎ ወደ ሆዷ ተመለከተ።

«አሁንም ያንጠባጥባል እንዴ? ነገ እንግዳ አለብን እኮ! ጠበቅ አድርገው በለው አንተ» አለ ለጋሼ።

ደሜ ፈላ። አፌን ከፈትኩ፣ ምን እንደምለው ሁሉ ምላሴ ላይ ደርሷል።

«አላጠብቅም» አለ አንድ ድምፅ።

ከወለሉ ሥር ነው የመጣው። ሥራ አስኪያጁ «ምን አልክ?» አለ።

ባለቤቴ ቀና አለ። ፊቱ ዘይት ነክቶታል፣ መፍቻውን እንደያዘ ነው።

«ያንጠባጥባል። በደቂቃ ሁለት። አላጠብቅም አልኩዎት።»

ሥራ አስኪያጁ ስለ ደብዳቤ፣ ስለ ኮሚቴ አንድ ሁለት ነገር አጉረምርሞ ሄደ። ይጻፍ፤ የፈለገውን ይጻፍ። ጋሼ እጁን ኪሱ ከተተና የጥፍር ቀለሜን አውጥቶ ለባለቤቴ ሰጠው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር መስመሩ ጠማማ ሆኖ ወጣ። ጋሼ አየው፣ «ይበቃል» አለ። እኔም ሻዩን ሰጠኋቸውና፣ ተሳፋሪ ተሰልፎ ነበርና መስኮቴን ልከፍት ሄድኩ።